በሬዛ ደብተር ላይ የጻፍኩት ፋርስኛ

ባለፈው ሳምንት ወተት ልገዛ ሊንደሩድ ገበያ ማዕከል ገብቼ፣ መክፈያው አጠገብ ከተደረደሩት አበቦች የአንዱ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ኖርዌጂያኖች ስቪቤል ይሉታል። አጭር ወፍራም ግንድ ያለው ሐምራዊ አበባ ነው፤ ሽታው ግን ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም፣ አንዱ ብቻውን አንድ ሳሎን ይሞላል። እዚህ አገር ሰው የሚገዛው ለገና ነው። በመጋቢት የሚገዛው የአዲስ ዓመት ማዕዱን የሚያሰናዳ ኢራናዊ ነው፤ ወይም እንደ እኔ ልጅ ሆኖ አንድ ክረምት ሙሉ በኢራናዊት አስተማሪ እጅ የወደቀ ሰው። ሁለት አነሳሁና ከፍዬ ወጣሁ። ወተቱን የረሳሁት ቤት ደርሼ ነው ትዝ ያለኝ።

ያን ጊዜ አስር ዓመቴ ነው። ከደሴ ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ እኔና እናቴ ቫይትቬት የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሚገኙት ብሎኮች በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ አባቴ ወረቀቱ ስላላለቀለት ገና አልመጣም። እናቴ ብሪን ውስጥ ቢሮ ታጸዳለች። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የከሰዓት ቫክት፣ ማለትም የከሰዓት የሥራ ፈረቃ፣ ሰጧትና እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ ሰው የሌለ ሆነ። ለዚህ መላ ያገኘችው ምድር ቤት፣ ቫስከሪው ውስጥ ነው። ቫስከሪ ማለት ሕንፃው ሙሉ በየተራው ልብስ የሚያጥብበት ክፍል ነው፤ ተራ የሚያዘው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ሲሆን በሰው ተራ መግባት ትልቅ ነውር ነው። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ማሂን ኻኖም ተራቸውን ለእናቴ ለቀቁላት። እናቴ "በፍጹም፣ እርስዎ ይጠቡ" አለች። እሳቸው "ግድ የለም፣ አንቺ እጠቢ" አሉ። እንዲህ ሲባባሉ ሰዓቱ አለቀና የሚቀጥለው ባለ ተራ መጣ። ሁለቱም ቆሻሻ ልብሳቸውን ታቅፈው ወጡ። ወዳጅነታቸው የጀመረው በዚህ ነው። ብዙም ሳይቆይ እኔ ከትምህርት ቤት በኋላ እሳቸው ቤት እንድቆይ ተስማሙ።

ኻኖም በፋርስኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ማሂን ኻኖም ሺራዝ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። ሰባ አልፏቸዋል፤ ጸጉራቸው ነጭ ነው፤ አካሄዳቸው ቀጥ ያለ፣ የእርሳሳቸው ጫፍ ሁልጊዜ የተቀረጸ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ሬዛ በርገን ከተማ እንዳለ ነግረውኛል፤ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶ ተሰቅሏል። እኔም ነገሩን አገናኘሁና፣ ሬዛ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ በሆነ ምክንያት ከእናቱ ርቆ በርገን ይማራል ብዬ ደመደምኩ። የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ቀን እናቴ ከመላኳ በፊት ደረጃው ላይ አቆመችኝ።

"እንደነዚህ እንደ ኖርዌጂያኖቹ ልጆች 'ያ ታክ' ብለሽ ዘለሽ እንዳትቀበይ። ሲሰጡሽ ሁለቴ እምቢ በዪ።"

"በሦስተኛውስ?"

"በሦስተኛው ተቀበይ። ከዚያ ወዲያ እምቢ ካልሽ ንቀት ነው።"

ይህን ምክር፣ 'አዎ፣ አመሰግናለሁ' ማለት የሆነውን 'ያ ታክ' ጨምሮ፣ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ጉድ ያፈላብኝ እሱ ስለሆነ አልረሳውም።

ኻኖም ሻይ ቀዱልኝ። ሁለቴ እምቢ አልኩ፣ በሦስተኛው ጠጣሁ። ሁሉም ነገር ደንቡን ጠብቆ ሄደ። ከዚያ የኖርስክ ሌክሰዬን፣ የኖርዌጂያንኛ የቤት ሥራዬን ማለት ነው፣ አወጣሁ፣ አየሁት፣ አስጠላኝ፤ እሱን ትቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርአን ስለምቀራ ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙን ባላውቅም ድምፁን አወጣዋለሁ። ከሥራቸው ሦስት ነጥብ ያለባቸው አንድ ሁለት እንግዳ ፊደላት አጋጠሙኝ፤ ዘለልኳቸው። ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲከትፍ የነበረው የኻኖም ቢላ ዝም አለ።

"ማነው ያስተማረሽ?" አሉ በኖርስክ፣ በሩ ላይ ቆመው።

"ማንም። እኔ ማንበብ እችላለሁ" አልኩ አፌን ሞልቼ። በትምህርት ነገር ትሕትና የሚባል አልነበረኝም፤ ዛሬም ብዙ አላሻሻልኩም።

በማግስቱ ፋርስኛ ጀመርን። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ስለ ፖም ነበረች። ኻኖም አራት ካርድ ቆርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቃል ጻፉና ከቀኝ ወደ ግራ ደረደሯቸው። መን ዲሩዝ ሲብ ኾርደም። መን እኔ ነው፣ ዲሩዝ ትናንት፣ ሲብ ፖም፣ ኾርደም በላሁ። ከዚያ ካርዶቹን በተኗቸውና "አሰልፊያቸው" አሉኝ።

ለኖርዌጂያን ልጅ ይሄ ፈተና ነው። የእነሱ ግሥ ችኩል ነው፤ ሁለተኛ ቦታ ካልገባ አያርፍም። "ትናንት" ብለው ከጀመሩ "ትናንት በላ እኔ ፖም" ነው የሚሉት። ከዚህ ነገር ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ታግያለሁ። የክፍል አስተማሪዬ ወረቀቴ ላይ ቀስት እየሳለች ግሡን ወደ ፊት ታመጣዋለች፤ እኔ ዞር ስትል ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ማሂን ኻኖም ጠረጴዛ ላይ ግን እጄ እንኳ አላመነታም። እኔ፣ ትናንት፣ ፖም፣ በላሁ። እናቴ ቁርስ ላይ እንደምታወራው ነው። ግሡ ረጋ ብሎ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ሁሉ እስኪገባ ይጠብቃል።

ኻኖም ካርዶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና በተኗቸው። እንደገና አሰለፍኩ። ፖሟን አንስተው ዳቦ አደረጉ፣ ዳቦውን አንስተው ደብዳቤ አደረጉ፣ እኔን አንስተው አንቺ አደረጉ፤ ምንም አላደናገረኝም። ማን እንደበላ የሚናገረው የግሡ ጭራ ነበር፣ ልክ እንደ እኛው። ኾርደም በላሁ፣ ኾርዲ በላሽ፣ ኾርዲም በላን። የሚታወቅ ፖም ከሆነ ከኋላው ራ የምትባል ትንሽ ቃል ትከተለዋለች፤ እኛ ፖሙን ብለን ን እንደምንጨምረው መሆኑ ነው። ትልቅ ሰው ሲበላ ደግሞ ብቻውን ቢሆንም እንደ ብዙ ሰው ይቆጠራል፤ ኻኖም ኾርደንድ፣ ኻኖም በሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ርእሰ መምህሩን በስሙ እየጠራሁ አንተ የምል ልጅ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እናቴ ባሳደገችኝ ልክ ሰው አከበርኩ። በጣም ደስ አለኝ። በዚህ አገር አንድ ነገር ሳልሰናከል ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ በየቀኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ የምጽፈው ግን ትናንት የሆነውን ብቻ ነው። የዛሬውን ከጻፍኩ የማረሚያቸውን ቀይ እስክሪብቶ አያነሱልኝም።

"ዛሬ ገና አላለቀም" ይሉኛል። "ነገ ጻፊው።"

ደግሞም እውነት መሆን አለበት። አንድ ቀን ትናንት አንበሳ አየሁ ብዬ ጻፍኩ። የቃላቱ ተራ ልክ ነው፣ ፊደሉ ልክ ነው።

"የት አየሽው?" አሉኝ።

"ቫይትቬት፣ ሜትሮው ጋ።"

"ውሸት አላርምም" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። እስኪመሽ ብለማመጣቸው ፍንክች አላሉም።

ጥር ላይ ነው ደብተሩን ያየሁት። ወረቀቶቼ ተበታትነው ሲያዩ ኻኖም ከቁም ሣጥኑ ሰማያዊ ደብተር አወጡ፤ ሥርዓት ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ሊያሳዩኝ ነው። የፊተኞቹ ገጾች በትልልቅ ጠማማ ፊደላት ተሞልተዋል፣ በየመስመሩ ዳር የቀይ እስክሪብቶ ምልክት አለ።

"የሬዛ ነው። ያስተማርኩት እኔው ነኝ" አሉ።

ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ወረቀቱ ወፈር ያለና ለስላሳ፣ መስመሮቹ ደብዘዝ ያሉ፣ ጀርባው በነጭ ክር የተሰፋ። ትምህርት ቤት የሚሰጡን ደብተር አጠገቡ አይደርስም።

"እንዴት ያምራል!" አልኩ።

"ያንቺ ነው" አሉ ወዲያው።

"ኧረ አይሆንም።"

"ላንቺ አይበዛም፣ ውሰጂው።"

"ናይ፣ ናይ።"

በፋርስኛ 'በሞቴ' እንደማለት ያለ ነገር አሉና ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሦስተኛው ነው። ቆጥሬያለሁ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የኻኖም እጅ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተነስተው ባዶውን ቁም ሣጥን ሁለቴ ዘጉት። መስጠት ደስ ብሏቸው ነው አልኩ።

ዛሬ ቢሆን አልሳሳትም። እነሱ ተዓሮፍ የሚሉት ወግ አላቸው። እንግዳ የአንድን ሰው ዕቃ ካደነቀ፣ ባለቤቱ "ያንተ ነው" ማለት አለበት፤ እንግዳው ደግሞ አለመውሰድ አለበት፣ ሦስቴ ቢባል፣ ሠላሳ ጊዜ ቢባል። እኛ ቤት ሦስተኛው ላይ እምቢታ ያልቃል። እነሱ ቤት ለሻይ ያልቃል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ አያልቅም። ይህን ግን እናቴም አታውቅም ነበር።

በማግስቱ የሬዛ የመጨረሻ መስመር ካለቀበት ቀጥሎ ካለው ገጽ ጀምሬ ጻፍኩ። ያውም በእስክሪብቶ፤ ትምህርት ቤት በእርሳስ ብቻ ስለሚያስጽፉን፣ የራሴ የሆነ ደብተር እስክሪብቶ ይገባዋል አልኩ። ኻኖም ገለጡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጉብዝናዬ አስለቀሳቸው ብዬ ኮራሁ።

"አፈሪን" አሉ፣ ጎበዝ ማለታቸው ነው፤ ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው አረሙልኝ።

የካቲትን ሙሉ ጻፍኩ። ትናንት የሆነውን ብቻ ጻፊ ከተባልኩ፣ ትናንት ደግሞ ከሰዓቱን በሙሉ ያሳለፍኩት እሳቸው ቤት ከሆነ፣ ስለ ማን እጽፋለሁ? የማውቃቸው ግሦች ሃያ አይሞሉም። በእነሱ ያየሁትን አስቀመጥኩ። ኻኖም ትናንት ሩዝ አበሰሉ። ሁለት ሳህን አወጡ። አንዱን መለሱ። ሌላ ቀን ደግሞ፦ ኻኖም ትናንት ከሬዛ ጋር በስልክ አወሩ። ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል አሉ። ኻኖም መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ሥራ በዛብኝ ያሉት ሴት የሠሩት ያንን ብቻ እንደሆነ አይቻለሁ፤ መጻፍ የቻልኩት ግን 'ተቀመጡ' የሚለውን ግሥ ብቻ ነው። ግሡ ፊት ነ እየጨመርን "አልሆነም" ማለት የተማርን ሳምንት እጄን የሚይዘኝ ጠፋ። ሬዛ ትናንት ነያመድ፣ ሬዛ ትናንት አልመጣም። ይህቺን ብቻ ስድስት ጊዜ ሳልጽፋት አልቀርም፣ ቀላል ስለሆነች።

በአንደኛው ቀን እንዲህ ጻፍኩ። ኻኖም ትናንት ሽንኩርት አልከተፉም። ኻኖም አለቀሱ።

ቀዩ እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ።

"ተሳሳትኩ?" አልኳቸው።

"አንድ ነጥብ ረስተሻል" አሉ፣ ነጥቧን አደረጉልኝ።

"ግን እውነት ነው አይደል?"

"እውነት ነው" አሉና ዳሩ ላይ ምልክታቸውን አሰፈሩ።

በዚያው ሰሞን ለሬዛ ሲደውሉ ደፍተር፣ ደፍተር ሲሉ ሰማሁ። ደብተር ማለታቸው ነው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። የእኔን ጉብዝና ለልጃቸው እያወሩለት መሰለኝ፤ እንዳላፈርኩ ለማስመሰል ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ኖሩዝ፣ ማለትም አዲስ ዓመታቸው፣ በመጋቢት እንደሆነና ሬዛም ያኔ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ስጦታ አሰብኩና የጠበቡኝን ቀይ የበረዶ ጓንቶቼን፣ ቮተሮቼን፣ አጥቤ አስቀመጥኩለት።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ቦርሳዬን ስታጸዳ ደብተሩን አገኘችው።

"ሐያት፣ ይሄ የማነው?"

"የእኔ ነው። ኻኖም ሰጡኝ።"

"ይሄ ከፊት ያለውስ?"

"እሱ የሬዛ ነው።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "የልጃቸውን ደብተር ነው የወሰድሽው?"

"ሁለቴ እምቢ ብያለሁ! በሦስተኛው ነው የተቀበልኩት። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽኝ?"

እናቴን ረታኋት። እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እደሰትበት ነበር።

"እኔ ስለ ሻይ ነው ያወራሁሽ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስለ ብስኩት ነው። እናት ከልጇ ያስቀረችውን ነገር በመቶኛውም አትወስጂም።"

"ይሄን አልነገርሽኝም።"

"ያ፣ አልነገርኩሽም" አለች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ እጄን ያዘች፣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን።

በሩ ላይ የሆነው ነገር የቫስከሪው ታሪክ ደግሞ መጣ ማለት ነው። ሁለቱም በአንካሳ ኖርስካቸው ይሟገታሉ። እናቴ ደብተሩን ትዘረጋለች፣ ኻኖም ይመልሳሉ። "የሐያት ነው።" "በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቀበሉኝ።" "አይሆንም።" ከላይ ውሻውን ይዞ የሚወርድ ኖርዌጂያን ጎረቤት ግድግዳ ተጠግቶ ጠበቀ፣ ተመለከተን፣ ተስፋ ሲቆርጥ በመሃላችን ሾልኮ አለፈ።

"የሰጠሁትን መልሼ ከተቀበልኩ ተዋረድኩ" አሉ ኻኖም። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አወረደች። እሷም በእሳቸው ቦታ ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነው።

ያኔ እኔ ጠየቅኩ። "ሬዛ ደብተሩን አይፈልገውም?"

ኻኖም ወደ እኔ ዞሩ። ለእናቴ ቢሆን "ግድ የለውም" ይሏት ነበር። እኔን ግን ውሸት አላርምም ብለውኛል።

"ይፈልገዋል" አሉ። "መጥቶ ካየኝ ቆይቷል። ና ስለው ሥራ አለኝ ይላል። ላንቺ ከመስጠቴ በፊት ግን የአንደኛ ክፍል ደብተርህን አግኝቼዋለሁ፣ መጥተህ ውሰድ ስለው እመጣለሁ አለ።"

ደረጃውን ስንወርድ ነገሩ ገባኝ። እኔ የወሰድኩት ወረቀት አይደለም፤ ልጃቸውን የሚጠሩበትን ነገር ነው። ልጁ መጥቶ ደብተሩን ቢያጣ፣ ወይም የማያውቃት ልጅ ሞንጭራበት ቢያገኝ፣ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። አፍሬ አላውቅም ነበርና ሐፍረት እንደ ትኩሳት ያለ ነገር ነው የመሰለኝ። ቤት እንደገባሁ የጻፍኩትን በላጲስ ማሸት ጀመርኩ፤ እስክሪብቶ ነውና አልለቀቀም፣ ወረቀቱ ሳሳ እንጂ። ገጾቼን ልቀድዳቸው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"በክር የተሰፋ ነው። ያንቺን ከቀደድሽ የእሱ ገጾችም ይረግፋሉ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ቁጭ ብላ አሰበች። "እሳቸው አይቀበሉም። እሱ ግን ቢቀበል እሳቸው አይዋረዱም። የወሰድሽው አንቺ ነሽ፣ ለሬዛ በእጁ የምትሰጪውም አንቺ ነሽ። የጻፍሽውንም ራስሽ ትናገሪያለሽ።"

ያ ኖሩዝ እሑድ ዋለ። በረዶው ወደ ጥቁር ጭቃ ተለውጧል፣ ብሎኩ በር ላይ የተበተነው ጠጠር ጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። እኔና እናቴ ተጠርተን ስንገባ ሳሎኑ በስቪቤል ሽታ ታፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ መስታወት፣ የበቀለ ስንዴ ተደርድሯል። ሶፋው ጫፍ ላይ ካፖርቱን ሳያወልቅ የተቀመጠ ራሰ በራ ሰውዬ አለ።

"ሬዛ የት አለ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እኔ ነኝ" አለኝ።

ክው አልኩ። ኪሴ ውስጥ ያሉትን ቀይ ቮተሮች ወደ ታች ገፋኋቸው።

ሬዛ ለእናቴ በኖርስክ አስረዳት፤ ነገ ጠዋት ሥራ አለበት፣ ማምሻውን ወደ በርገን ይበራል፣ ጎራ ብሎ ለማየት ያህል ነው የመጣው። ኻኖም ሻይ እየቀዱ "ጥሩ ነው፣ እኔም ነገ ሥራ ይበዛብኛል" አሉ። እናቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ተነሳሁ፣ ደብተሩን በሁለት እጄ ዘረጋሁ፣ ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩትን በፋርስኛ ተናገርኩ። እኔ ደብተሩን ወሰድኩ። እኔ አላወቅኩም። እኔ በደብተሩ ላይ ጻፍኩ።

ሬዛ አፉን ከፍቶ ቀረ። የደሴ ልጅ ፋርስኛ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ሳቀ፣ ደብተሩን አየውና "ያንቺ ይሁን" አለኝ። እምቢ አልኩ። "ግድ የለም፣ ውሰጂው" አለ። እምቢ አልኩ። ሦስተኛ አለኝ፣ ሦስተኛውንም እምቢ አልኩ። እስከ መቶ ቢቆጥር ተዘጋጅቼ ነበር። ተቀበለኝ።

የራሱን ገጾች እያገላበጠ ፈገግ አለ፣ አንዱን ጮክ ብሎ አነበበ፣ በልጅነት ጽሑፉ ቀለደ። ከዚያ የእኔ ገጾች ላይ ደረሰ። "ኻኖም ትናንት ሩዝ አበሰሉ" ብሎ በፈገግታ ጀመረ። "ሁለት ሳህን አወጡ።" ሦስተኛዋን ጮክ ብሎ አላነበባትም። ገጹን ገለጠ። ሌላ ገለጠ።

"የልጅ ነገር ነው፣ ተወው፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል" አሉ ኻኖም ቆመው። ቀና አላለም። ሽንኩርቷ ጋ ሲደርስ አወቅኩ፣ ያቺ ገጽ ላጲስ የሳሳባት ነች። እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ።

"ይሄ ሁሉ እውነት ነው?" አለኝ በኖርስክ።

እናቴ ትከሻዬን ጫን አደረገችኝ፣ ዝም በዪ ማለቷ ነው። ኻኖም ያዩኛል። አንድ ጊዜ ደብተራቸውን ወስጄባቸዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ገበናቸውን። ግን ካስተማሩኝ ውጪ የምለው አልነበረኝም።

"ያ" አልኩ። "ኻኖም ውሸት አያርሙም።"

ከእያንዳንዱ መስመር ዳር ያለውን ቀይ ምልክት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። በእሱ ገጾች ላይ ያለውም ምልክት ያው ነው፣ ያው እጅ ነው። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ከመጨረሻዋ መስመሬ ሥር አንድ ነገር ጽፎ ደብተሩን ለእናቱ ሰጣቸው። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። ሬዛ መጣ ይላል።

ኻኖም መነጽራቸውን አደረጉ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። መልሰው አስቀመጡት።

"ዛሬ ገና አላለቀም" አሉት። "ነገ ጻፈው።"

ሬዛ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከዚያ ፎቶውን አየ፣ ጥርስ የሌለውን ልጅ።

"ቸሽም" አለ። በዓይኔ እንደማለት ነው፣ ተማሪ ለአስተማሪው፣ ልጅ ለእናቱ የሚለው እሺታ። ካፖርቱን አወለቀ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሮጥኩ። ካፖርቱ መስቀያው ላይ ነው። ሁለት ሳህን ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ሁለቱም የተበላባቸው። ደብተሩ ተከፍቷል፤ የትናንቷ መስመር ተሰርዛለች፣ ከሥሯ ሬዛ ትናንት መጣ ይላል፣ ዳሩ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ቮተሮቹን ከኪሴ አውጥቼ ለሬዛ ዘረጋሁለት። የሰባት ዓመት ልጅ መዳፍ ነው የሚይዙት፣ አውራ ጣቱ እንኳ አይገባም። ሁለቴ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ተቀበለ።